የሱሉልታው ዝርግ ብረት

ባሌ ሰበታ ካለ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች በላቸውና አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ቀርተውለት ወደ ቤት መጣ። ቁስሉ ሲሽር አለቃው «በዚህ እጅ መፍቻ አይያዝም» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ደጃፍ ላይ መቀመጥ ሆነ። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ቀኝ እጁን ከስር ደብቆ መንገዱን ያያል። ሰው ሰላም ሲለው በአንገቱ ነው የሚመልሰው። ልጆቹ ሲጠጉት «ሂዱ፣ ከእናታችሁ ጋር ተጫወቱ» ይላል። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስጠይቀው ብቻ ነው፤ ያውም «አዎ» ወይ «አይ» ነው መልሱ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። ሰው ተቀምጦ ሲያልቅ ይታያል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ልጆቼን ቆጥሬ አልጋ ስር የምከት ሴት ነኝ። ከባሌ አደጋ ወዲህማ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ጋሪ በአጠገባችን ሲያልፍ የትንሿን ልጄን እጅ እስከ ክንዷ ቀሚሴ ውስጥ እሸጉጠው ነበር።

በዚያ ጊዜ ቤታችን የሚኖረው በሦስት ላሞቼ ወተት ነው። አንድ ጠዋት ድርቆሽ ሳቀርብላቸው ባሌ ከደጃፉ ሆኖ ያየኛል። ላሞቹ ረጅሙን ሣር ከግርግሙ እየጎተቱ ግማሹን ይበላሉ፣ ግማሹን ይረግጡታል። እኔ ለቅሜ እመልሳለሁ፣ እነሱ መልሰው ይጥሉታል።

«ተቆርጦ ቢሰጣቸው አንዲት ሰበዝ አትወድቅም ነበር» አለ።

ዞር አልኩ። በአራት ወር ውስጥ ሳይጠየቅ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነው።

«በምን ይቆረጥ? በማጭድ ስቆራርጥ ልዋል?»

ተነሳ። ከምድጃው ከሰል አንስቶ በግራ እጁ የበረቱ ግድግዳ ላይ ሳለልኝ። አንድ ትልቅ ክብ፣ ክቡ ላይ የተገጠሙ ሁለት ቢላዎች፣ መሃሉ ላይ ዘንግ፣ ከዳሩ እጀታ። ሣሩ በአንድ በኩል ይገባል፣ ክቡ ሲዞር ቢላዎቹ ይከትፉታል። ለካ አንድ እርሻ ላይ እንዲህ ያለ አይቶ ኖሯል።

«ቁም ነገሩ ክብ ብረቱ ነው» አለ። «ስፋቱ የሰፌድ ያህል፣ ውፍረቱ የጣት ያህል። ቀላል ከሆነ አይረባም። አንዴ ከዞረ ክብደቱ ራሱ ነው ቢላዋውን የሚነዳው።»

«የየትኛው ጣት ያህል?»

«ከተረፉልኝ የአንዱን ያህል» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቁን ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ! ከዚያ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ከተሳሉት ሁለት ቢላዎች ላይ አረፈ።

«ቢላዋ የሚሽከረከርበት ነገር እዚህ ቤት አይገባም» አልኩ።

«ላሞችሽ ግማሽ በልተው ይደሩ?»

«ግማሽ በልተው ይደሩ። ጣት ከማበላ ሣር ባስረግጥ ይሻለኛል።»

አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በማግስቱ ጋቢውን ጥሎ ኮቱን ለብሶ ብረት ፍለጋ ወጣ። እኔም ወደ ማርያም ዞሬ «እመቤቴ፣ ያንን ብረት ሰውሪልኝ፤ ባሌን ግን እንዳታሳዝኚብኝ» ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ልመና ለእሷም ያስቸግራል መቼም።

ክብ ብረት እንዲህ እንደዋዛ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሰበታ ውስጥ ያሉት ብረት ሠሪዎች «የማረሻና የመጥረቢያ ካልሆነ የለንም» አሉት። መርካቶ ብረት ተራ ሄዶ ያገኘው ወይ ስስ ላሜራ ነው፣ ወይ ዋጋው የማይቀመስ። በመጨረሻ ቡራዩ አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ሰውዬ ዘንድ ደርሶ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ግዙፍ ነገር አስወርዶ በሸክም ይዞ መጣ። የትራክተር ማረሻ ነው፤ ከሆለታ በኩል የመጣ። ስፋቱ የሰፌድ ያህል፣ ክብነቱ ምንም አይወጣለትም። ግን እንደ ገበቴ የጎደጎደ ነው።

«ይሄ እኮ ወጥ የሚወጣበት ነው» አልኩት። «ቢላዋው በምን ይቀመጥበታል?»

«አቃናዋለሁ።»

እመቤቴ ሰማችኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እንደማይቃና ገብቶኛል። እሱ ግን ግንድ ላይ ደፍቶት ሦስት ቀን በግራ እጁ ቀጠቀጠው። የማረሻ ብረት ለካ እልኸኛ ነው፤ መዶሻውን መልሶ ይወረውረዋል እንጂ አይዘረጋም። ድምፁማ ምን ልበላችሁ! ሲመታ ሰበታ ከዳር እስከ ዳር ያስተጋባል። ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «እናንተዬ፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው? ድስት ጥጃለሁ» አለችን።

በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ በጭነት መኪና እያመጣች የምትሸጥልን የሱሉልታ ሴት ነጋዴ መጣች። ሸክሙን ስታስወርድ ድምፁን ሰምታ ቆመች።

«ማል ጄዳ ኢኒ! ይሄ ምን ይላል?» አለች በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨርሳ፤ የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። «የእኛ እድር ብረት እንደዚህ ቢጮህ ምን ነበረበት! የኛው ዝርግ ነው፣ ድምፁ ወንዝ አይሻገርም። ባለፈው ከማዶ ያሉት ሳይሰሙ አንድ ሽማግሌ ተቀበሩ። እስከ ዛሬ ተኳርፈናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱሉልታ ሜዳው ሰፊ፣ ረግረጉ ብዙ፣ ቤቱ የተራራቀ ነውና እድሩ ለቀብርም ለስብሰባም የሚጠራው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት እየመታ ነው።

ባሌ መዶሻውን አስቀመጠ። «ዝርግ ነው አልሽኝ?»

«እንደ ሰፌድ።»

«ውፍረቱስ?»

ሴትዮዋ አውራ ጣቷን አሳየችው። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ሙሽራ ፈገግ አለ። እኔ እመቤቴ ተወችኝ አልኩ።

ልጆቹን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ በማግስቱ ማረሻውን በዝርጉ ሊለውጥ በዚያው በድርቆሽ መኪና ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ብረቱን በአንድ እጁ ሊሸከመው አይችልም ብዬ ነው ለሰው የነገርኩት። እውነቱ ግን ብቻውን ልልከው ፈርቼ ነው። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ማረሻው ከኋላችን እየተንከባለለ የመኪናውን ጎን ሲደልቀው፣ እኔ እስከ ሱሉልታ ድረስ ዓይኔን አልገለጥኩም።

የእድሩ ዳኛ ጢማቸው የነጣ አዛውንት ነበሩ። ከሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ከጥዱ ስር ተቀምጠው ጠበቁን። ዝርጉ ብረት ከቅርንጫፉ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ከየት እንደመጣ አንዳቸውም በትክክል አያውቁም፤ አንዱ «ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ጥሎት የሄደ ነው» ይላል፣ ሌላው «የወፍጮ ነው» ይላል። ባሌ ቀርቦ በመዳፉ ዳበሰው፣ በጎኑ ሆኖ በአንድ ዓይኑ አየው።

«እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን ዳኛው። ባሌ በቋንቋቸው መልሶ የመጣንበትን ነገራቸው። ማረሻውን ከዝርጉ አጠገብ አንጠለጠሉት።

«እንግዲህ ስማ» አሉት። «ወንዙን ተሻግሮ ያቺ የምታያት ጎጆ የእህቴ ናት። ብረትህ ተመትቶ እህቴ ከቤቷ ብቅ ካለች የእኛውን ፈተህ ውሰድ። ካልወጣች ይዘኸው የመጣኸውን ይዘህ ትመለሳለህ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። አንድ ሲመታ ‹ልጅ ድንጋይ ወርውሮበት ነው› ብለን እንተወዋለን። ሁለት ሲመታ ስብሰባ ነው። ሳይቋረጥ ሲመታ ሰው ሞቷል ማለት ነው።»

ባሌ የመምቻውን ብረት በግራው አነሳው። ሦስት ቀን ሲቀጠቅጥ የሰነበተ ትከሻው አልታዘዝ አለው። በቀኙ ሊያግዝ ሞከረ፣ ብረቱ ከሁለቱ ጣቶች መሃል ሾለከ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ምቺ።»

መታሁ። ቲን አለ።

«ልጄ፣ ዶሮ እያባረርሽ ነው?» አሉ ዳኛው።

«የሰበታ ሰው ቀባሪ የሚጠራው በሹክሹክታ ነው መሰለኝ» አለ አጠገባቸው ያለው ሽማግሌ።

«ተዉአት፣ ሟቹ እንዳይነቃባት ፈርታ ነው» አለ ሦስተኛው።

እነሱ ሲስቁ እኔ ቀስ ብዬ አሰብኩ። አሁን ይህቺን ያህል ብቻ መትቼ ብተወው ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል። ብረት የለ፣ ቢላዋ የለ፣ ወደ ቤታችን እንገባለን። ባሌን ቀና ብዬ አየሁት። ኮቱን ለብሶ ቆሞ፣ ሁለት እጁን አውጥቶ፣ ያቺን የወንዝ ማዶ ጎጆ በር ነው የሚያየው። ቤት ስንገባ ይሄ ኮት ይወልቅና ጋቢው ይለበሳል፤ ያ ደጃፍ ይጠብቀዋል፤ «አዎ» እና «አይ» ይጠብቁኛል። ከቢላዋው የባሰ የምፈራው ለካ እሱን ነበር።

መምቻውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እግሬን አንፈራጥጬ አሳረፍኩበት። አገሩ ሁሉ ጮኸ። ጎጆዋ ግን ዝም ናት። ደገምኩት። አሁንም የለችም። ከዚያ ወዲያ ስንቴ እንደመታሁ እንጃ። ባሌ ሰባት ነው ይላል፣ ሽማግሌዎቹ መቁጠር ትተን ነበር ይላሉ። «በቃ! በቃሽ!» ሲሉ ከድምፁ የተነሳ አልሰማኋቸውም። ዳኛው እጄን ሲይዙኝ ቀና ብል እህትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ወንዙ ጋ ደርሳለች።

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ከግራ ከቀኝ ሜዳው ሰው አበቀለ። ወንዶቹ ዱላና አካፋ ይዘው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ አንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነች «ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» እያሉ ይመጣሉ። ግማሹ ሕዝብ ደግሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሁለት ወር ወደተኙ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ቤት ሮጦ፣ አጥራቸው ላይ «አባቴ! አባቴ!» እያለ ያለቅሳል። ዋይታው እኛ ድረስ ይሰማል።

መምቻውን ጣልኩ። እዚያው ጥዱ ስር ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰዉ መንገድ ለቀቀና አንድ ከሲታ አዛውንት በከዘራ እየተደገፉ፣ ቡልኮ ደርበው፣ ቀስ እያሉ መጡ። ዳኛው ፊት ቆሙ።

«የሞትኩት እኔ ነኝ ይላሉ» አሉ። «እውነት ከሆነ ልወቀው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዳኛው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው «የሞተ የለም፤ ይህቺ የሰበታ ሴት ብረት እየገዛች ነው» አሉ።

እንግዲህ የወረደብኝን አትጠይቁኝ። «እንባዬን መልሺልኝ!» ትለኛለች አንዷ። «ሊጤ ኮመጠጠ፣ ነይና አቡኪ!» ትላለች ሌላዋ። «ሟርተኛ ናት!» ያለም ነበር። እኔ የበሽተኛውን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ አላውቅም ነበር።»

«ተነሽ ልጄ» አሉኝ። «እኔስ ጠቀምሽኝ። ማን እንደሚያለቅስልኝ በዓይኔ አየሁ። ያኛው አማቼ ግን ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ አይቼዋለሁ።» አማቹ ከሰዉ ኋላ ሲደበቅ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ወር ከአልጋ ያልወረዱ ሰው ያን ቀን እስከ ማታ ሲጫወቱ ዋሉ።

ለለቅሶ የወጣ ሰው ባዶውን አይመለስም ተብሎ ከየቤቱ ቆሎና ጠላ መጣ። ዳኛው ማረሻውን እየደባበሱ «ይሄንንማ ሬሳም ይሰማዋል» አሉና ዝርጉ እንዲፈታ አዘዙ። ሰንሰለቱ ሲፈታ አራት ሰው ተጋግዞ አወረደው። ባሌ ብረቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሰዉን ሁሉ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ እያሳየ ሲያስረዳ አንድም ሰው ስለ ጣቱ አልጠየቀውም፤ ወይ ጠይቆት አልሰማሁም።

ቤት ስንገባ ወር ሙሉ በረቱ የብረት ቤት ሆነ። ቢላዎቹን ከመኪና ባሌስትራ አስቀጠቀጠ። ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ከተሰበረ መኪና አገኘ። መፍቻውን በግራው መያዝ ለመደ፤ ሁለቱ የቀኝ ጣቶቹ ደግሞ ብሎን እንደ ጉጠት ይይዙ ጀመር። ያፏጫል። ልጆቹን «ያንን አቀብሉኝ፣ ይሄን ያዙልኝ» ይላል። እኔ ወተቴን እያለብኩ በአንድ ዓይኔ ቢላዎቹን እጠብቃለሁ። በሞረድ ሲስላቸው ያብለጨልጫሉ።

ሊሞክረው በተነሳበት ቀን እጀታው ጠፋ። በረቱን ገለበጠ፣ ልጆቹን ተቆጣ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሴት፣ እጀታው የት አለ?»

«ጤፍ ጎተራ ውስጥ።»

«ምን ይሠራል እዚያ?»

«እኔ ነኝ የከተትኩት።»

«ሱሉልታን ያስለቀሰች ሴት ዛሬ ምን ሆነች?» አለ እየተናደደም እየሳቀም። «ያኛውን ማሽን የሠራው ሰው እኔን አያውቀኝም። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይነካኝም።»

«አንተን ባይነካ ይህቺንስ?» ብዬ ትንሿን ልጄን አሳየሁት። ሣር ይዛ ወደ ማሽኑ አፍ እጇን ልካለች። እሱም አየ፤ ክንዷን ይዞ መለስ አደረጋት።

ሜትር ማንበብ አልችልም። የፈትል ክር አመጣሁና ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ ለካሁ። ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ጨመርኩ።

«ሣሩ የሚገባበት ሳጥን የዚህን ያህል ይርዘም። በላዩም በጎኑም ይዘጋ። እጁን እስከ ትከሻው የከተተ ሰው እንኳ ቢላዋው ጋ እንዳይደርስ። ሣሩ በእንጨት ይገፋ። ክቡም በላሜራ ይሸፈን። ያን ጊዜ እጀታህን ትወስዳለህ።»

«የሬሳ ሳጥን ሥራልኝ በይኛ!»

«ከሬሳ ሳጥን የሚያድን ሳጥን።»

ሁለት ቀን አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ጣውላ ገዝቶ ገባ። ሳጥኑ ሲያልቅ ማሽኑ ከበረቱ በር ወጥቶ እስከ ደጅ ደረሰ። ክሩን አምጥቼ ለካሁ። ልክ ነው። እጀታውን ከጤፉ አራግፌ አወጣሁለት፤ ግን ራሴ ገጠምኩት፣ ራሴም ያዝኩት።

«እኔ ነኝ የማዞረው» አልኩ። «አንተ ግፋ።»

መጀመሪያ አልነቃነቅ አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አንዴ ከተነሳ በኋላ እጄን እሱ ነው የወሰደው። ሽው፣ ሽው ይላል። ከወዲያ በኩል ሣሩ ጣት ጣት እያከለ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ልጆቹ ከስር በእፍኝ እየተቀበሉ ይበትኑታል። ለላሞቹ ስናቀርብላቸው አንዲት ሰበዝ አልወደቀችም። እኔ በሳቅም በፍርሃትም አላቆምም ብዬ ሳዞር ዋልኩ።

ወሬው ባለ ጋሪዎቹ ዘንድ ደረሰ። ለፈረስ የተከተፈ ሣር ይስማማዋል። መጀመሪያ ማስከተፍ መጡ፤ ቆይቶ አንድ ባለ ሦስት ጋሪ ሰውዬ «ባለሙያው አሉ?» ብሎ በራችንን አንኳኳ። ለራሱ አንድ ማሠራት ፈልጎ ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ደህና ነው» አለ። «ይሄን የእባብ ጅራት የሚያህል ሳጥን ግን ለእኔ ቀንሱልኝ። ግቢዬ ጠባብ ነው።»

«አይቀነስም» አለ ባሌ።

«እኔው ቤቴ ወስጄ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ባለሙያ ፈልግ። የምትቆርጠው ሳጥኑን ብቻ አይሆንም።»

ሰውዬው ተደናገጠ፤ የለመደው ተጨቃጭቆ ማስቀነስ ነው። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ላሟ ስር ቁጭ ብዬ እያለብኩ ነው።

«እመቤቴ፣ እስቲ ያስረዱልኝ። ግማሽ ክንድ ብቻ።»

«እሷን ነው የምትለምነው?» ብሎ ባሌ ሳቀ። «እኔስ ምናልባት ትንሽ እሰማህ ነበር።»

«አይቀነስም» አልኩ ከላሟ ስር። «እንዲያውም የእርስዎ ክንድ ረዘም ያለ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት እለካዎታለሁ።»

ለካሁት። እጁን ዘርግቶ እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ባሌ ኮቱን ለብሶ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ቁርሱን ቆሞ ይጎርሳል። ቡራዩ ሊሄድ ነው፤ ሌላ ክብ ብረት ያስፈልገዋል።

«ዝርጉን ነው አደራህን» አልኩት።

«እሺ፣ ዝርጉን።»

«ከአውቶቡሱ ጣሪያ ራስህ እንዳታወርደው። ሰው ጥራ። ሹፌሩ ከበረረ ውረድና ሌላ ጠብቅ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ከበሩ ወጥቶ በመንገዱ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ሄደ። አጥሩ ጋ ቆሜ እስኪሰወር አየሁት፤ ከዚያ አውቶቡሱ መነሳቱን እስክሰማ ድረስ ወተት ማጥለል አልቻልኩም።